የሰርቦች ታሪክ ለእድራችን የዋለው ውለታ

የሌላ ሰው አገር ታሪክ ሲሰሙት ይጣፍጣል። የራስን ያነሳችሁ እንደሆነ ገና ሁለተኛው ንጉሥ ላይ ሳትደርሱ አንዱ ተነስቶ ጠረጴዛ ይደበድባል፤ የሌላውን ግን እግራችሁን ዘርግታችሁ፣ ሻያችሁን ፉት እያላችሁ፣ «ወይ ጉድ! እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?» ስትሉ ትውላላችሁ። ማን እንዳጠፋ፣ የቱ ላይ መመለስ እንደነበረባቸው ወዲያው ወለል ብሎ ይታያችኋል። እኔም የሰርቦችን ታሪክ መድኃኒት ይሆናል ብዬ ለእድራችን ተሸክሜ የሄድኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ጉዴን ስሙ።

በስደት በምንኖርባት ከተማ፣ ኧርቪንግ ውስጥ፣ እድር አለን። ማለቴ፣ ነበረን። ሰው ሲሞት ሬሳ ወደ አገር ቤት የሚያስልክ፣ ለቅሶ የሚቀመጥ፣ ምግብ የሚያደርስ፣ ከዌርሃውስ የሌሊት ፈረቃ የወጣውም ሪቻርድሰን ከተማ ካለ ቢሮ የመጣውም ጎን ለጎን የሚቀመጥበት ደህና እድር። ከዚያ የሀገር ቤቱ ጦርነት መጣ። ሰዉ መጀመሪያ በስልኩ ተጣላ፣ ቀጥሎ በሰላምታ፣ በመጨረሻ በወንበር አቀማመጥ። የትኛውና የትኛው ወገን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ ማንበብ ታቆማላችሁ፣ ግማሾቻችሁ ደግሞ ማጨብጨብ ትጀምራላችሁ። ብቻ «እድሩ ለሁለት ይከፈል» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ የጋሽ ደምሴ ነገር ነው። ጋሽ ደምሴ ከአንደኛው ወገን ናቸው፤ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ከሌላኛው። ልጅ አልወለዱም፣ እዚህ አገር የሥጋ ዘመድም የላቸውም። ያላቸው እድሩ ነው። ጋሽ ደምሴ ኩላሊታቸው ደክሞ ቀን እየዘለሉ ደም የሚያጣራ ማሽን ላይ ይውላሉ፤ አንዳንድ ቀን እኔ ነኝ የምወስዳቸው። መኪና ውስጥ የሚያነሱት አንድ ነገር ነው።

«መሞቱን እንኳ አልፈራም» ይሉኛል። «ግን ስሞት ዘነበችን ከግራ ከቀኝ የሚደግፏት እነዚሁ ልጆች ይሁኑ። ሁላቸውም።»

«ኧረ ጋሼ፣ እድሩ የት ይሄዳል?» እላለሁ እኔ።

እንግዲህ ድራጋን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ድራጋን እኔ የኤርፖርት ሻትል በምነዳበት ሆቴል ቧንቧና ማሞቂያ የሚጠግን ሰርብ ነው። ጾማችን እንደሚገጥም፣ ገናችንም አንድ ቀን እንደሚውል ካወቅን ወዲህ ምሳ አብረን ነው የምንበላው። የእድሩን ጣጣ ስነግረው ማንኪያውን አስቀምጦ፣ «ይህን ፊልም አይቼዋለሁ» አለኝ። ከዚያም፣ «ዓርብ ቤት ነኝ» ብሎ ማንኪያውን መልሶ አነሳ። ኋላ እንደገባኝ ቀኑ የቤተሰቡ ጠባቂ ቅዱስ፣ የቅዱስ ኒኮላስ በዓል ነው፤ ለዚህ በዓል ደግሞ በወጋቸው ሰው አይጠራም፣ የሚመጣ ይመጣል።

እኔ ይህን መቼ አውቄ! ዓርብ የድራጋንን በር ከፍቼ ስገባ ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ጠረጴዛው ላይ ረጅም ጧፍ ይበራል። የድራጋን ሚስት ሚራ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ወደ እኔ መጣችና ሳህን አቀረበችልኝ። በሳህኑ ላይ ያለው ምን ይመስላችኋል? የተቀቀለ ስንዴ። ንፍሮ! እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ጧፍ፣ ጥቁር ልብስና ንፍሮ አንድ ላይ ያየ አበሻ ምን ያስባል? ሰርቢያ፣ ኖቪ ሳድ ከተማ ያሉት አሮጊት እናቱ ሞተው ታዩኝ። ከንፈሬን መጠጥኩ፣ አንገቴን ደፍቼ ድራጋንን አቀፍኩትና በእንግሊዝኛዬ «እግዜር ያጽናህ፣ ወንድሜ» አልኩት። እንባዬም መጥቶ ነበር፤ እኛ መቼም ለለቅሶ አንለግምም።

ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ድራጋን ነገሩ ሲገባው እየተንፈራፈረ ሳቀ። ስንዴው ለበዓሉ ነው፤ ስኳርና ለውዝ አለው፤ በእርግጥ የሞቱ አያቶችም ይታሰቡበታል። ከዚያ ሳቁ እንደመጣው ድንገት ሄደና፣ «ግን አልተሳሳትክም» አለ። «በየትኛዋ አገሬ ሞት ነው የምታጽናናኝ?»

ከዚያ በዓሉ ጾም ላይ ስለሚውል የቀረበውን አሳ እየበላን ነገረኝ። ሰርቢያ ከቱርኮች እጅ በአመጽ ተላቃ፣ ቀስ በቀስ ራሷን ችላ መንግሥት ሆነች። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ከክሮአቶቹና ከስሎቬኖቹ ጋር አንድ ንጉሥ ሥር ገባች፤ ሁሉም በየልቡ የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ ይል ነበር። ፓርላማ ውስጥ እንደራሴ እንደራሴን ገደለ። ንጉሡ ፓርላማውን ዘግተው አገሪቱን ዩጎዝላቪያ አሏት፤ ስም መለወጥ ልብ የሚለውጥ መስሏቸው። እሳቸውም ተገደሉ። ከዚያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወረራ፣ ከወረራው ሥር የእርስ በርስ እልቂት። ከዚያ ጦርነቱን ያሸነፉት ኮሚኒስቱ ማርሻል መጡና «ወንድማማችነትና አንድነት» አሉ። እኛም ብዙ ሰልፍ የወጣንበት ነገር ስለሆነ እዚህ ላይ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ማርሻሉ ሲሞቱ ሥልጣኑ በየዓመቱ እየዞረ ቀጠለ፤ እያንዳንዱ ሪፐብሊክ ተራውን ይጠብቃል፣ እየጠበቀም ቂሙን ያስባል። በመጨረሻ ሕዝብ ሆይ ተበድለሃል የሚል ሰው ማይክሮፎን ያዘ። ሌሎቹም የየራሳቸው ሰው ነበራቸው። የተቀረውን ዓለም በቴሌቪዥን አይቶታል።

«ግፍ ሠርተናል፤ አልሸሽግህም» አለ ድራጋን። «እኛም ላይ ተሠርቷል። ሁሉም የሚያስታውሰው ግን ሁለተኛውን ብቻ ነው።»

ከዚያ እነዚህ ሄዱ፣ እነዚያም ሄዱ፣ ሞንቴኔግሮም ድምፅ ሰጥታ ሄደች፣ ኮሶቮም ሄድኩ አለች፤ ይቺኛዋን ሰርቦቹ እስከ ዛሬ አልሄደችም ይላሉ። ሰርቢያ አንድ ቀን ጠዋት ስትነቃ ቤቱ ባዶ ነው፤ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ነጻ ወጣሽ» አሏት። የድራጋን እናት ከተወለዱበት ቤት ሳይነቃነቁ በአራት አገር ኖረዋል። የፈረሰችውን አገር ኤምባሲዎች እንኳ ማን የቱን ይውሰድ ብለው ዓመታት ተነታርከዋል።

ስመለስ ሃይዌዩ ላይ ብቻዬን አወራ ነበር። ተስፋ ይሏችኋል ይህ ነው! ይህን ታሪክ ሰምቶ እድር የሚከፍል ሰው ከኖረ እሱ ሰው አይደለም አልኩ።

የጉባኤው ቀን ተነሳሁና ተናገርኩ። ሳልመካ ልንገራችሁ፣ ጥሩ አድርጌ ነው የተናገርኩት። ከንጉሡ እስከ ኤምባሲው አንድም አላስቀረሁ። አዳራሹ ስልኩን አስቀምጦ ሰማኝ። ከንፈር መጠጣው ከሁለቱም ወገን እኩል ነበር፤ እትዬ ዘነበችም አይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ተሳካ፣ አልኩ በልቤ።

ስጨርስ ከቀኝ በኩል አንዱ ተነሳ። «ታንክ ዩ ብሮ፣ ሪሊ። ሶ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ እነሱ ሌት አደረጉ፣ ዘገዩ። ደም ሳይፈስ ቀደም ብለው ስፕሊት ቢያደርጉ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

ከግራ በኩል ያለው ደግሞ፣ ከዚህ ሰውዬ ጋር ዓመት ሙሉ በአንድ ቃል ተስማምቶ የማያውቀው፣ «ኤግዛክትሊ!» አለ። «በተለይ ንብረቱ ላይ። እኛ እንደነሱ ዓመታት አንነታረክ፤ ዛሬውኑ ፊኒሽ እናድርገው።»

ይህን ሁሉ ጊዜ ያልተገኘው ስምምነት በደቂቃ ተገኘ። ድምፅ መቁጠር እንኳ አላስፈለገም፤ በጭብጨባ አለፈ። የቀኙ ከግራው ጋር እየተጨባበጠ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተሳሳመ! ሁለት ሦስት ሰው መጥቶ እኔንም አመሰገነኝ። ቆሜ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ተስፋ መቁረጥ ይዞኝ አያውቅም። ሰው ከታሪክ አይማርም የሚሉትን አትስሟቸው፤ ይማራል እንጂ፣ ሊማር የመጣውን።

ጋሽ ደምሴ እጃቸውን አወጡ። ክንዳቸው ላይ የማሽኑ ፋሻ ነበር።

«ልጆቼ፣ እኔና ዘነበችስ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሰብሳቢው ዞረ። ከዚያ ሰብሳቢው፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሁልጊዜ የሚደውልላቸው ልጅ ነው፣ በፍቅር እንዲህ አለ፦ «ጋሼ፣ ምንም አያስቡ። እርስዎን የኛው እድር ይይዛል፣ እትዬን ደግሞ የነሱ። ሁለታችሁም ተሸፍናችኋል፣ ከቨርድ ናችሁ።»

አዳራሹ እፎይ ብሎ እንደገና አጨበጨበ።

እትዬ ዘነበች ተነሱ። የጋሽ ደምሴን ኮት አንስተው የታመመው ክንዳቸው እንዳይነካ ቀስ እያሉ አለበሷቸው፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፉላቸው። ሲጨርሱ ወደ ሰብሳቢው ዞረው፣ ሳይቆጡ፣ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁት።

«ልጄ፣ እሱ ቀድሞኝ የሞተ እንደሆነ ታዲያ ለቅሶው ላይ የምቀመጠው ከእንግዶቹ ጋር ነው?»