አቶ መርዳሳና የሉብና ዛፍ

በየሰፈሩ በሰው ንብረት የሚኮራ አንድ ሰው አይጠፋም። የጎረቤቱን መኪና ያሞግሳል፣ የአማቹን ፎቅ በጣቱ እየጠቆመ ያስጎበኛል። እኛ ሰፈር፣ አዳማ ባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ይህ ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የክቡር አቶ መርዳሳ ነው።

የሚኮሩበት ዛፍ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ሉብና ነው። ሟች ባሏ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ሳለ ፍሬውን በኪሱ ይዞ መጥቶ ግቢያቸው ውስጥ ተከለው። ስሙን የሚያውቅ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ዝናብ ሲቃረብ ነጭ አበባ ይለብሳል፤ ነፋሱ ሲነካው ሰፈሩን ሁሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል።

ከሰዓት በኋላ ጥላው አጥሩን ተሻግሮ አቶ መርዳሳ ደጅ ይተኛል። እሳቸውም ወንበራቸውን ይዘው ይወጣሉ። ዓይናቸውን ከደን ሲያደርጉ፣ ያረፉት ባለቤታቸው ስፌታቸውን ይዘው አጠገባቸው የተቀመጡ ይመስላቸዋል። ይህን ለማንም አይናገሩም።

የሚናገሩት ስለ ዛፉ ነው። ከደራ ለገበያ የመጣ ይሁን ከቡልቡላ ዘመድ ሊጠይቅ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም «ኮቱ፣ ና ዛፋችንን እይ» ሳይሉት አያልፍም። አንድ ዓመት አበባው ቢዘገይ ሰፈሩን በየቤቱ እየዞሩ ይቅርታ ጠይቀዋል። ሉብና ይህን ሁሉ ከአጥሩ ወዲያ እየሰማች አንድ ቀን እንኳ «የኔ ነው» ብላ አታውቅም።

ዘንድሮ ልጇ ኡበይደላ ዛፉን ቆርጬ የሚከራዩ ክፍሎች ልሥራበት አለ። አቶ መርዳሳ ወሬው እንደደረሳቸው ሊከራከሩ ብድግ አሉ፤ የሉብና በር ላይ ሲደርሱ ግን ሳያንኳኩ ቆሙ። በምን አፋቸው? ዛፉ የሰው ነው። ተመልሰው ተቀመጡና አላፊ አግዳሚውን ሳይጠሩ ዋሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ዕለት ሰፈሩ ጭር አለብን።

አመሻሽ ላይ ሉብና ልጇን አስከትላ መጣች።

«ጋሽ መርዳሳ፣ ይኸው ዛፉን ልቁረጥ ይላል። ግንዱ የኔ ነው፤ ጥላው ግን የእርስዎ ነው። እርስዎን ሳናስፈቅድ እንዴት ይሆናል ብዬ ነው።»

ስለ ዛፉ ሲያወሩ ምሳ የሚረሱት ሰው አጠገባቸው ወዳለው ባዶ ቦታ ተመለከቱ። ከዚያ፣ «አልፈቅድም» አሉ።

ሉብና ወደ ልጇ ዞረች።

«ሰማህ?» አለችው፤ «ባለቤቱ እንቢ ብለዋል።»