ስልክ እያለ በበረዶ ሞተር

የአሜሪካን ሰው ስልክ ካለው ሌላ የሚጎድለው ነገር ያለ አይመስለውም። በስልክ ይታጫል፣ በስልክ ይፋታል፣ በስልክ ተቀጥሮ በስልክ ይባረራል። ኦክላንድ ከገባሁ ጀምሮ ስልክን የሚያህል ባለሥልጣን አላየሁም። አንዴ ከጮኸ ሰው ጉርሻውን ጥሎ እየሮጠ ይሄድለታል። ለጃንሆይ እንኳ እንዲህ አልተሮጠም፤ ለሳቸው ቆሞ መጠበቅ ነበር። ታዲያ ይህ ሁሉ ሥልጣን እያለው አንድ ነገር አይችልም። መርዶ ማርዳት አይችልም። እንዴት አይችልም ብትሉኝ ነገሩ ከአንድ ሞተርና ከሁለት ጀሪካን ይጀምራልና ትንሽ ታገሡኝ።

ዳዊት የእህቴ ልጅ ነው። ሳን ሆዜ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኢንጂነር ነው፤ የምንኖረው ግን ኦክላንድ ነው። መስፍን ደግሞ አብሮት ከአዲስ አበባ ለትምህርት የመጣ ጓደኛው ነው፤ ቤት ሲገባ ከሰላምታው በፊት የድስቴን ክዳን የሚያነሣ፣ በቃ ልጄ በሉት። ይህ መስፍን የመመረቂያ ጽሑፌን በጸጥታ ልጨርስ ብሎ፣ ሴራ ኔቫዳ ተራራ ላይ ክረምት ክረምት የሚዘጋ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሊጠብቅ ተቀጠረ። ክረምት ስል የእነሱን ክረምት ነው፤ ዝናብ ሳይሆን በረዶ በጣራ ልክ የሚቆለልበት። ስንቁን አስቀድሞ ያስገባል፣ የመኪናው መንገድ ይዘጋል፣ እስከ ፋሲካ ማን አይቶት! ስልክ ግን አለው። እሑድ እሑድ ይደውልልናል፤ ድምፁም ከጓዳ የሚናገር ያህል ጥርት ያለ ነው።

አንድ ቀን የመስፍን አጎት ከአዲስ አበባ ለዳዊት ደወሉ። የመስፍን እናት አርፈዋል። ልጁ አንድ ለእናቱ ነው። አጎትየው "አደራ፣ በስልክ እንዳትነግሩት። በማለዳ፣ ሰው ሆናችሁ፣ ፊት ለፊት" ብለው አለቀሱና ዘጉ። አሁን ከእናንተ መካከል ነገር ፈላጊው "እናንተንስ በስልክ አይደል የነገሯችሁ?" ይላል። አዎን፣ በስልክ ነው። እኛ ባለቤት ነን እንዴ? መርዶ የሚጠነቀቁለት ለባለቤቱ ነው፤ እኛማ አርጂዎች ነን።

አጥራችንን የሚጋራ ሚስተር ሃሮልድ የሚባል ጡረተኛ በያጅ አለ። ጋራዡ ውስጥ ስኖሞቢል የሚሉትን ነገር ሸፍኖ አስቀምጧል፤ ሞተር ሳይክል ሆኖ፣ የፊት ጎማው በሁለት ሸርተቴ፣ የኋላው ደግሞ እንደ ታንክ በሚዞር ሰፊ ቀበቶ የተተካ ብታስቡት ነው። ዳዊት ሊለምነው ሄደ፤ እኔም ነገሩ ይከብድለት ብዬ ተከተልኩ። ሃሮልድ ምክንያቱን ጠየቀ፤ ተነገረው። "ልጁ ስልክ የለውም?" አለ። አለው። "ተበላሽቶበት ነው?" ኧረ ደህና ነው። "ታዲያ ኮል አታደርጉለትም?" ዳዊት በእንግሊዝኛ ብዙ አስረዳው። ሃሮልድም ብዙ ሰማ። በመጨረሻ እኔን ከራሴ እስከ እግሬ አየና "እሷም ልትሄድ ነው?" አለ። አዎን ተባለ። ሰውዬው ተንፍሶ መፍቻውን አነሣ።

ችግሩ ወዲህ ነው። ሞተሩ የሚያስቀምጠው ሁለት ሰው ነው፤ እኛ ግን ሁለት ሆነን ሄደን ሦስት ሆነን ነው የምንመለሰው። መርዶ የሰማን ሰው በረዶ ውስጥ ብቻውን ጥሎ የሚመጣ ማን ነው? ስለዚህ ከመቀመጫው ኋላ ጠንካራ የብረት መጫኛ ያስፈልጋል። ስንሄድ ስንቅና ጋቢ ይጫንበታል፣ ስንመለስ ደግሞ እኔ። ነዳጁም እንዲሁ ነው። ታንኩ ለመሄጃው ይበቃል፤ ሦስት ሰው ተሸክሞ በዚያ በረዶ ለመውረድ ግን ሁለት ጀሪካን ትርፍ ይፈልጋል። ያ ዘመን ደግሞ ቤንዚን የጠፋበት፣ መኪናው ሁሉ ማደያ በር ላይ ተኮልኩሎ የሚውልበት ነው። ጀሪካን ይዞ የመጣን ሰውማ ዞር ብሎ የሚያየውም የለ።

እነሱ ብረት ሲቆርጡ እሑድ ደረሰና መስፍን ደወለ። ዳዊት ሽንት ቤት ገብቶ ቆለፈብኝ። እኔ አነሣሁ። ሳቅሁ። እኔ ስስቅ ሰፈር ይሰማል፤ ያን ቀን ግን ሳቄን እንደ ከባድ ቅርጫት ነው ያነሣሁት። ስለ በረዶው አወራኝ፣ ስለ ጽሑፉ አወራኝ፣ ቀጥሎም "እትዬ ሙሉ፣ እርስዎ ቁመትዎም ውፍረትዎም የእማዬን ያህል ነው። እዚህ ማረፊያው ለእንግዳ ከሚሸጠው የሱፍ ሹራብ አንድ ልገዛላት ነው። ልክዎን ይነግሩኛል?" አለኝ።

ምን ልበል? ነገርኩት። ትከሻዬን ነገርኩት፣ ደረቴን ነገርኩት፣ የእጄንም ርዝመት በገመድ ለክቼ ነገርኩት። "እጅጌው ረዘም ይበል፣ ብርድ ነው" ሁሉ አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ዳዊት ከሽንት ቤት ሲወጣ "የሚቀጥለው እሑድ ሳይደርስ" አልኩት። ፓሎ አልቶ ያሉት የአገራችን ልጆች፣ የመስፍን የትምህርት ጓደኞች፣ ወሬውን ሰምተዋል። ከእነሱ አንዱ አዛኝ ነኝ ባይ ተነሥቶ ቢደውልለትስ? ልጁ ብቻውን፣ በዚያ ነጭ ምድረ በዳ፣ የስልኩን ጥቁር ጆሮ ይዞ እናቱን ሊቀብር ነው?

መጫኛው አለቀና በጓሯችን ሣር ላይ ተሞከረ። ሸክሙ እኔ ነኝ። ጀሪካኖቹ ከኋላዬ ግራና ቀኝ ታሰሩ፤ እኔም ትራስ አስደርጌ፣ ቀበቶ አስታጥቀውኝ በክብር ተሰየምኩ። ሞተሩ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀና አደረገ። ሸርተቴዎቹ አየር ላይ ቀሩ። የሰፈሩ ሰው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያያል፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ደመና እቆጥራለሁ። ሃሮልድ "ክብደቱ ከኋላ በዛ፤ ፊቱ ካልተጫነ አይታጠፍም" አለ። ዳዊትም ወይ ስንቁን ወይ ነዳጁን ቀንሽ አለኝ። እኔ ደግሞ ሐዘንተኛ ቤት ባዶ እጅ አልገባም አልኩ። በኋላ ጀሪካኖቹን ወደፊት አምጥተው ዝቅ አድርገው በእግር መርገጫው አጠገብ አሰሯቸው፣ መጫኛውንም ወደ መቀመጫው አስጠጉት። አፍንጫው ወረደ፤ እኔም ወረድኩ። ሃሮልድ ከዚያ የገዛ መኪናውን ቤንዚን በጎማ ቱቦ እየሳበ ሁለቱን ጀሪካን ሞላ፤ ዘይቱንም ቀየጠበት። ለምን እንደምንሄድ ያኔም አልገባውም ነበር እኮ!

ዘዴው የእኔ ነበር። መርዶ እስኪነገር ድረስ መርዶ መምሰል የለበትም። ጥቁሩን ልብሴን ከውስጥ ለብሼ ቀይ ካፖርት ደረብኩበት። ንፍሮውን ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ደበቅሁ። ዳዊትን "ፊትህን አስተካክል፣ ሊጠይቁት የመጡ ጓደኞች ነን፣ ትስቃለህ" ብዬ አስምዬዋለሁ። ሞተሩን በመኪና ጭነን ሄደን፣ የመኪናው መንገድ ካለቀበት መንደር አድረን፣ ገና ሊነጋ ሲል ሞተሩን አስነሣን። ስለ መንገዱ ብዙ አልነግራችሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የሄድኩት። ከቅዱሳን ያልጠራሁት ካለ ይቅር ይበለኝ።

መስፍን ድምፁን ሰምቶ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወጣ። እኔ ከመውረዴ መሳቅ፣ ከመሳቄ በረዶው ውስጥ እስከ ወገቤ መስጠም! "ኧረ እትዬ ሙሉ! በዚህ ብረት ላይ?" እያለ ጎትቶ አወጣኝ፣ አቀፈኝ። ዳዊትም እንደታዘዘው ሳቀ፤ የፍየል ሳል ይመስል ነበር እንጂ ሳቀ። እኔ በልቤ፣ ይኸው ተሳካ፣ አስገብተን ትኩስ ነገር አቅምሰን ቀስ ብለን እንነግረዋለን እላለሁ።

መስፍንም ኢንጂነር ነው፤ መሣሪያ ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም። ሞተሩን ዞር ዞር ብሎ አየው። መጫኛውን በእጁ ነቅነቅ አድርጎ ጥንካሬውን አደነቀ። አንዱን ጀሪካን ብድግ አደረገ፤ ሙሉ ነው። ሁለተኛውን ብድግ አደረገ፤ ሙሉ ነው። "ዳዊት፣ ለሁለት ሰው አንዱም ይተርፋል እኮ" አለ እየሳቀ። መስፍን ወደ ኋላ መጣና ከመጫኛው ላይ ስንቁን የያዘውን ገመድ ፈታ፤ ከሥሩ ትራሱ ብቅ አለ፣ ቀበቶው እንደተሰፋበት። እጁን ትራሱ ላይ አሳረፈ። ሳቁ ከፊቱ እንዴት እንደወረደ ልነግራችሁ አልችልም። እኔን አየ፤ ከቀዩ ካፖርቴ ሥር ጥቁሩ ቀሚሴ ረጥቦ ወጥቷል። "ልትወስዱኝ ነው የመጣችሁት" አለ። ቀጥሎም "እማዬ ናት?" አለ።

መንገዱን ሁሉ ያሰናዳሁት ንግግር ነበረኝ። አንዲቱም ቃል አልመጣችልኝም። ሄጄ ያዝኩት። ዳዊትም መጥቶ ከወዲያ ያዘው። ሦስታችን በዚያ በረዶ ላይ ተቀመጥን፤ እሱ ጮኸ፣ ተራራው መለሰለት፣ እኛም አለቀስን። ከኦክላንድ እስከዚያ ድረስ የታሰርኩት እንባ እኔንም ለቀቀኝ።

ቀትር ላይ ንፍሮውን ቀማምሰን፣ ቤቱን ቆልፈን ተነሣን። ለማረፊያው ባለቤት መደወሉን ለዳዊት ተውነው፤ ያን ስልክ ይችለዋል። መስፍን ከመውጣቱ በፊት ከሣጥኑ ሹራብ አምጥቶ በራሴ አጠለቀልኝ። ልክ ሆነ። እጅጌውም ረዘም ብሏል። ሐዘንተኛው ከዳዊት ኋላ ተቀመጠ፣ እኔ በመጫኛው ላይ በትራሴ ታሰርኩና ሁለቱንም ጀሪካን እየጠጣን ወረድን።

ኦክላንድ ቤታችን በለቀስተኛ ሞላ። ሚስተር ሃሮልድ ሞተሩን ሊያይ መጥቶ ወደ ውስጥ ገባና ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከመካከላችን ተቀመጠ። ስልኩ ጮኸ። እንደ አገሩ ደንብ ብድግ አለ፤ ዙሪያውን አየ፣ የተነሣ ሰው የለም፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ በዳዊት ጆሮ፣ ለመሆኑ እዚያ ደርሳችሁ ምን ብላችሁ ነገራችሁት አለ። ዳዊት ምንም አላልነውም አለው። ሃሮልድ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ የእኔ ቤንዚን፣ ምንም ላለማለት ነው? አለ። ዳዊት ጨንቆት ወደ እኔ ዞረ። እኔም፣ እንዲህ በልልኝ አልኩት፤ በስልክም ምንም አለማለት ይቻል ነበር፣ ነገር ግን በእናንተ አገር ሰው ዝም ሲል መስመሩ ተቋረጠ ብላችሁ ትዘጉበታላችሁ።