ከባዱ ማርሽ

ጆሃንስበርግ ላይ አንዱን አበሻ ያዙና ለዝናብና ለጭቃ የሚሆነው የትኛው መኪና ነው ብላችሁ ጠይቁት። ይመልስላችኋል። መንጃ ፈቃድ የሌለውም ይመልሳል፤ እንዲያውም እሱ ሳያመነታ ነው። ስለ መኪና ሲጠየቅ «አላውቅም» ያለ ወገን እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ ደግሞ «አላውቅም» ሳልል የምውልበት ቀን የለም፤ እናም ሳላውቅ ላለመግዛት ስምንት ወር ፈጀሁ።

ምክንያት ነበረኝ። ከከተማው ወጣ ባለው ካትሌሆንግ፣ አስፋልቱ ካለቀበት ወዲያ ስፓዛ የሚሏት የሰፈር ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሉቃስ አስም አለባቸው። አገር ቤት ሳሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። እዚህ ስመጣ ተቀብለው፣ ከሱቃቸው ጀርባ አስተኝተው፣ ትምህርቴን ያስጨረሱኝ እሳቸው ናቸው። አምና በዝናቡ ወራት ደረታቸው ተዘግቶ ሲደውሉልኝ ትንሿ መኪናዬ ጭቃው መግቢያ ላይ ቀረች። ጎረቤቶቻቸው በእጅ ጋሪ እየገፉ አስፋልቱ ላይ አደረሱልኝ። ሲሻላቸው፣ «አየህ፣ ባለ አንድ ጎማው ነው ያወጣኝ» አሉ።

ሁሉም ሳቀ። እኔ ሰንጠረዥ ሠራሁ።

ለእርጥብ አስፋልት በፊት ጎማ የሚጎተተው ይበቃል፤ የሞተሩ ክብደት እነዚያው ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ መንገዱን ይይዛል። የኋላ ጎማ የሚገፋው ባዶ ባኪ፣ አገር ቤት ፒክአፕ የምንለው፣ ግን በዝናብ ጅራቱ ይሸሻል። አራቱም ጎማ የሚሠራው ከጭቃ ያወጣል እንጂ ፍሬን አይሆንም፤ ሲቆም ከሌላው መኪና አይሻልም። አውቶማቲኩ ለስላሳ ነው፤ ማኑዋሉ ጉልበቱን በእጅ ይሰጣል። ይህን ሁሉ ጽፌ፣ ሰርዤ፣ እንደገና ጽፌ በመጨረሻ አራቱም ጎማ የሚሠራ ማኑዋል ባኪ ገዛሁ። ከማርሹ ጎን «ሎው» የሚል ምልክት ያለበት ሌላ አጭር ዘንግ አለው። መንዳት የተማርኩት እዚሁ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ትርጉሙ «ዝቅተኛ» መሆኑን አውቃለሁ፤ ነክቼው ግን አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ጋሽ ሉቃስ ደወሉ። ድምፅ የለም፣ ትንፋሽ ብቻ። ከምኖርበት ከቤሪያ በርሬ ደጃቸው ድረስ ገባሁ፤ ለአፍታ ስምንቱ ወር የተካሰልኝ መሰለኝ። ጋቢና አስገብቻቸው ስመለስ ጭቃው ያዘን። አራቱም ጎማ አንድ ላይ ዞረ፤ አራቱም አንድ ላይ ሰመጠ።

«ከባድ» አሉ ጋሼ። በአንድ ትንፋሽ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚወጣቸው።

«አውቃለሁ ጋሼ፣ አይዞዎት፣ እንደርሳለን።»

«ከባድ!» በዓይናቸው ማርሹን አሳዩኝ።

ያኔ ገባኝ። የገባኝ መሰለኝ። ከባድ ማለት ትልቅ፣ ትልቅ ማለት ሦስተኛ። አስገባሁ፤ ሞተሩ ጠፋ። አስነስቼ አራተኛን ሞከርኩ። ጠፋ። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሊጸልዩ ይሁን እኔን ላለማየት እንጃ።

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ፍሪሲዮን!» ረገጥኩ። አጭሩን ዘንግ ወደ «ሎው» ሳቡት፤ ረጅሙን ሁለተኛ ላይ አስቀመጡት። ባኪው አጉረመረመና፣ ምንም ሳይቸኩል፣ ወጣ።

ክሊኒክ የኦክስጅን ጭምብል ተደርጎላቸው ትንፋሻቸው ሲመለስ አልጋው አጠገብ ቆሜ፣ «ጋሼ፣ በጣም ከባድ ነበር አይደል?» አልኳቸው።

ጭምብሉን ከፍ አደረጉ። «ከባዱንማ አንተ መች አገኘኸው!»

ለካ ያገር ቤት ሹፌር ከባድ ማርሽ የሚለው ዝቅተኛውን ነው። እንግሊዝኛው ፍጥነቱን አይቶ ዝቅተኛ አለው፤ አማርኛው የሚሸከመውን አይቶ ከባድ አለው። ስምንት ወር ሙሉ የፍጥነቱን ስም ብቻ ነበር ያጠናሁት።

ሰንጠረዡን አልጣልኩትም። መስመር በመስመር ደግሜ አየሁት፤ ስህተት የለበትም። ከጀርባው ምክር የጠየቅኳቸው የሃያ ሦስት ሰዎች ስም አለ፤ ግማሾቹ መንጃ ፈቃድ የላቸውም። ጋሽ ሉቃስ ግን የሉበትም። ሳልነግራቸው ገዝቼ ላስደንቃቸው ፈልጌ ነበር።

ተደንቀዋል።