የሰፈሩን ደም የሚያርሙት ጋሽ ዘሩባቤል

በየሰፈሩ የሌላውን ሰው የላብራቶሪ ወረቀት ከባለቤቱ በፊት የሚያነብ አንድ ሰው አይጠፋም። ሶዶ ውስጥ እነ አሳየሽ ሰፈር ይህን ጸጋ ያገኘው በክቡር ጋሽ ዘሩባቤል ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ቀይ እስክሪብቷቸው ግን ጡረታ አልወጣም።

ከክሊኒክ የሚመለስ ሰው በእሳቸው በር ሳያልፍ ቤቱ አይገባም። "ሳሮ፣ ወረቀቱስ?" ይላሉ፤ የአገሩ ሰላምታም ምርመራውም በአንድ ትንፋሽ ነው። የበዛውንም ያነሰውንም ቁጥር በቀይ ያከብቡና ፍርድ ይሰጣሉ። ቀይ የደም ሴሉ ያነሰ ሰው ጥሬ ሥጋ በሚያቃጥለው ማባያ በዳታ ይታዘዝለታል። ነጩ የበዛበት ዳታውን ይከለከላል። ሁለቱም የገጠመው ሰው ምን እንደሚበላ እስካሁን አልታወቀም።

አምና የባጃጅ ሹፌሩ ጦና ቶንሲሉን አሞት ሲመረመር ነጭ የደም ሴሉ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሰውነት ከበሽታ ጋር ሲታገል እንዲህ መሆኑ ያለ ነገር ነው። ጋሽ ዘሩባቤል ግን ጉዳዩን ለቤተ ክርስቲያን አቀረቡት፤ እሁድ ዕለት ምእመናኑ ለጦና ነጭ የደም ሴል ቆመው ጸለዩ። በሳምንቱ ቶንሲሉም ተሻለው፣ ቁጥሩም ወረደ። ጦና መድረክ ላይ ወጥቶ ሲመሰክር፣ ጋሽ ዘሩባቤል ከፊት ወንበር ተቀምጠው ድርሻቸውን በትሕትና ተቀበሉ።

የወረዳ ቢሮ ጸሐፊዋ አሳየሽ ይህን ሁሉ ስለምታውቅ፣ ዘንድሮ ወረቀቷን ቦርሳዋ ውስጥ ቀበረችው። ዓመት ሙሉ ድካም አልለቅ ብሏታል፤ ከሥራ ስትመለስ ዳገቱን የምትጨርሰው ሁለት ቦታ ቆማ ነው። ክሊኒኩ ግን ሁሉም ቁጥር ልክ ነው አላት። እሷም ዕድሜ ነው፣ ሥራ ነው ብላ ልትተወው ወሰነች። ምን ዋጋ አለው፣ ሰውየው በራቸው ላይ ቆመዋል።

ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡ። እስክሪብቷቸውን አላነሱም። ይህ ደግሞ በሰፈሩ ታሪክ ታይቶ አያውቅም። ቤት ገብተው ረጅም ደብተር ይዘው ወጡ። የተማሪ ውጤት የሚሞላበት ሮስተር ነው፤ የጎረቤቱ ስም በፊደል ተራ ሰፍሮ፣ ከየስሙ ፊት የየዓመቱ የደም ውጤት ተሞልቷል። አሳየሽ በጣም ተናደደች። ማን ፈቀደላቸው?

"ጋሼ፣ ሁሉም ልክ ነው ተብያለሁ" አለች። "አልፌያለሁ እኮ።"

"አልፈሻል ልጄ። ካቻምና ሄሞግሎቢንሽ አሥራ አራት ነበር፣ አምና አሥራ ሦስት፣ ዘንድሮ አሥራ ሁለት ነጥብ ሁለት። ቀይ ሴሎችሽም በየዓመቱ እያነሱ ነው። እንዲህ የሚወርድ ተማሪ እስኪወድቅ አልጠብቅም፤ ወላጅ እጠራለሁ።"

እናትና አባቷ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። ስለዚህ በማግስቱ ማለዳ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሮስተሩን በብብታቸው ይዘው ራሳቸው መጡ። ሥራ አለብኝ ብትል አልሰሙም፣ ደህና ነኝ ብትል አልሰሙም። ኦቶና ሆስፒታል ወረፋው ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆሙ፤ የተገኘችው አንዲት ወንበር ላይ እሷን አስቀመጡ።

ወጣቷ ሐኪም ሮስተሩን ስታይ መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ገጹን ስታነብ ፈገግታዋን ተወች። አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም አለቻቸው፤ ልክ የተባለውም ቢሆን ከየት ተነስቶ እዚያ እንደደረሰ መታየት አለበት። ደም ቀስ እያለ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል ብላ፣ አሳየሽን የምትወስደው መድኃኒት ካለ ጠየቀቻት። አሳየሽ ለወገቧ ብላ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የምትውጠውን ማስታገሻ ነገረቻት። ምርመራው ሲያልቅ ማስታገሻው ጨጓራዋ ላይ ያመጣው የሚደማ ቁስል ተገኘ። ሳይብስ ስለተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል ተባለ። አሳየሽ የጋሽ ዘሩባቤልን ኮት እጅጌ ያዘች።

ሐኪሟ ካርዱን እየሞላች አብረዋት የመጡት ሰው ምኗ እንደሆኑ ጠየቀቻት። ጋሽ ዘሩባቤል ጎረቤት ነኝ ሊሉ ሲጀምሩ አሳየሽ ቀደመቻቸው።

"ወላጄ ናቸው" አለች። "ተጠርተው ነው የመጡት።"