ወጪ የሆነው ደብዳቤ ስላልወጣበት ምክንያት

ዓርብ ግንቦት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. የፍኖተ ሰላም የእንስሳት መኖ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት የሠራተኛ ጉዳይ ኮሚቴ በኃላፊው ቢሮ ተሰብስቧል። ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ በዘጠኝ ሰዓት ተጀምሯል፤ የዘገየው የቢሮውን ቁልፍ የያዙት ሰብሳቢው ስለሆኑ ነው።

የተገኙ፦
አቶ ገደፋው እጅጉ፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፦ ሰብሳቢ
አቶ ክንፈሚካኤል ታደለ፣ ከሂሳብ ክፍል፦ አባል
አቶ ዘመኑ እንግዳው፣ ኮምፒዩተር የሠለጠኑ፦ አባል
ወ/ሮ ያይኔአበባ ገብረሰንበት፣ ከመዝገብ ቤት፦ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ ወ/ሮ ዓባይነሽ፣ ለቅሶ ደርሰው።

ከአራቱ ድምፅ ሰጪዎች ሦስቱ ስላሉ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ጸሐፊዋ ድምፅ የላትም፤ እጅ ብቻ ነው ያላት። ሰብሳቢው «የተባለው ሁሉ እንደተባለ ይጻፍ» ሲሉ መመሪያ ስለሰጡ እንደዚያው ተጽፏል።

አጀንዳ 1፦ የወ/ሮ ያይኔአበባ የዝውውር ድጋፍ ደብዳቤ

ጸሐፊዋ ጉዳዩ የራሷ በመሆኑ አስረድታለች። ባለቤቷ አቶ መሐሪ በመራዊ ከተማ አስተማሪ ነው፤ ልጃቸው እሌኒም እሱ ዘንድ ናት። ጸሐፊዋ ቅዳሜ ሄዳ እሑድ ትመለሳለች። ባለፈው ሳምንት ልጅቱ ለጎረቤት ስታስተዋውቃት «ይቺ የቅዳሜዋ እማዬ ናት» ብላለች። አሁን መራዊ ላይ ክፍት የሥራ ቦታ ተገኝቷል። ባሕር ዳር ያለው የዝውውር ኮሚቴ ግን የድጋፍ ደብዳቤ የሚቀበለው በኢሜይል ብቻ ሲሆን፣ ጊዜውም ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። ደብዳቤው ሰኞ ተጽፎ ነበር፤ ጠዋት በስልክ ሲጠየቅ አልደረሰም ተብሏል።

ሰብሳቢው ይህ የማይሆን ነገር መሆኑን ገልጸዋል። ደብዳቤው፣ አቶ ዘመኑ የእንግሊዝኛ ስሙን «ወጪ» ብለው ተርጉመው ስክሪኑ ጠርዝ ላይ በፕላስተር በለጠፉበት የኢሜይል ሳጥን ውስጥ መቀመጡን ሰብሳቢው በዓይናቸው አይተዋል። ወጪ የሆነ ደብዳቤ ደግሞ የወጣ ደብዳቤ መሆኑን መዝገብ ቤት ሳሉ ጀምሮ ያውቃሉ።

አቶ ክንፈሚካኤል ወጪ የሚለውን ሰምተው ደረሰኝ የሌለው ወጪ እንደማይፈርሙ አስታውቀዋል። የተባለው ሌላ ወጪ መሆኑ ደጋግሞ ቢነገራቸውም ተቃውሟቸው እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል። ተመዝግቧል።

አቶ ዘመኑ በሥልጠናው ላይ የኢሜይሉ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔትም እንደሚሠራ መማራቸውን ተናግረዋል፤ ይጻፍበታል፣ የድሮው ይነበብበታል፣ «ላክ» የሚለውም ይጫናል። ጸሐፊዋ ከተጫነ በኋላስ ወዴት ይሄዳል ብላ ስትጠይቅ፣ የትም እንደማይሄድ፣ መስመር እስኪያገኝ እዚያው ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ እንደሚጠብቅ አምነዋል። የስልኩ ገመድ ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ቢሰካ በራሱ ይሄዳል። ጽሕፈት ቤቱ ግን ያለው አንድ መስመር ነው፤ እሱም የሰብሳቢው ስልክ ነው። ሰብሳቢው ከክልል ቢደወልላቸው ማን ሊያነሳ ነው ሲሉ ጠይቀው ሐሳቡ ውድቅ ሆኗል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወስኗል።

ሀ) ደብዳቤው ያልሄደው ማህተም ስለሌለው ሊሆን ስለሚችል ስክሪኑ ላይ ማህተም ይደረግ። ወዲያውኑ ተደርጓል። ሆኖም አቶ ዘመኑ ገጹን ወደ ታች ሲያወርዱት ማህተሙ ባለበት ቀርቶ የሞቱ ጊደሮች ሪፖርት ላይ አርፏል።

ለ) ኮምፒዩተሩ ከነሳጥኑ በአይሱዙ ተጭኖ ባሕር ዳር ይሂድ። አቶ ክንፈሚካኤል አጃቢ ሆነው አበል እንዲታሰብላቸው ሐሳብ አቅርበው ራሳቸው ደግፈዋል። አይሱዙው ቡሬ ስለሆነ ሰኞ ሲመለስ ይፈጸማል። ጸሐፊዋ ቀኑ ዛሬ እንደሚያልቅ አስታውሳ፣ ከአጀንዳ እንዳትወጣ ተመክራለች።

በዚህ መካከል ስልኩ ጮኸ። አንድ የቡሬ ገበሬ ነበሩ፤ የሳሩ ዘር መጣ ወይ ብለው ጠየቁ። አልመጣም ተባሉ። መልሰው ደወሉ። ሰብሳቢው ተቆጥተው ስብሰባው እስኪያልቅ ገመዱ ይነቀል ብለው አዘዙ።

ጸሐፊዋ ትእዛዙን ፈጽማለች። ገመዱ ሰው እንዳይጠልፍ በማሰብም ኮምፒዩተሩ ጀርባ ባገኘችው ቀዳዳ ሰክታዋለች፤ ቀዳዳው ልክ ሆኖ ተገኝቷል። ጥቂት ቆይቶ ኮምፒዩተሩ ያፏጭና ይንጫጫ ጀመር። ሰብሳቢው ምን ሆኖ ነው ሲሉ፣ አቶ ዘመኑ ጸሐፊዋን አይተው፣ ማህተሙ ከብዶት ይሆናል ብለዋል። ሰብሳቢው ማሽኑ ሳይፈቀድለት እንዳይናገር አሳስበዋል።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ድንገት አንድ ነገር ትዝ ብሏቸው፣ ያይኔአበባ መራዊ ከሄደች ቃለ ጉባኤውን ማን ይጽፈዋል ሲሉ ጠየቁ። አቶ ክንፈሚካኤል እሳቸው ቢጽፉ የራሳቸውን ጽሕፈት ራሳቸውም እንደማያነቡት ገለጹ። ሰብሳቢው ወደ ጸሐፊዋ ዞረው «ያይኔ፣ እኛስ ልጆችሽ አይደለንም ወይ?» አሏት። ጸሐፊዋ ልጇ አንዲት ብቻ እንደሆነች መለሰች። ይህም እንደተባለ ተጽፏል።

በመጨረሻም አቶ ዘመኑ ድምፅ ሳይሰጡ በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ፤ ማህተሙ በአልኮል ይጠረግ፣ አይሱዙው ይቅር፣ የዝውውር ድጋፉ ይሻር፣ ደብዳቤውም ከወጪ ሳጥኑ ይሰረዝ። በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር።

ሳጥኑ ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኝቷል። ሰብሳቢው በወጪ የሌለ ደብዳቤ ያልወጣ ደብዳቤ መሆኑን አብራርተው፣ ጸሐፊዋ ሳትታዘዝ ቀድማ በመሰረዟ አመስግነዋታል። አቶ ዘመኑ ሳል ይዟቸው ወደ መስኮቱ ዞረዋል። ጸሐፊዋ ምስጋናውን ተቀብላለች።

ስብሰባው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ተበትኗል። ገመዱ ወደ ስልኩ እንደተመለሰ ስልኩ ጮኾ ጸሐፊዋ አንስታለች። ከባሕር ዳር ነው፤ ደብዳቤው ደርሶናል፣ ስምሽም ገብቷል አሏት። ሰብሳቢው ማነው ሲሏት የሳሩ ዘር ነው፣ መጣ ብላለች።

አባላቱ ይህን ቃለ ጉባኤ እንደ ወትሯቸው ሳያነቡ ፈርመዋል። ጸሐፊዋም ፈርማለች፤ ነገ ቅዳሜ ስለሆነም ቶሎ ወጥታለች።