ጋሼ ሜትርና የዞረው ወንዝ

ወንዝ ድንበር በሆነበት ከተማ ሁሉ፣ ድንበሩን ከሁለቱ መንግሥታት አብልጦ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ ጡረተኛ ነው። ኪሱ ውስጥ የተቀረጸ እርሳስ አለ። እሱ ባለበት «ወንዙ ሞላ» ማለት ደግሞ ለሁለት ሰዓት ትምህርት በገዛ ፈቃድ መመዝገብ ነው።

የእኛ ከተማ የድንበር ሊቅ ክቡር ጋሼ ሜትር ናቸው። ከውሃ መሥሪያ ቤት ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዛሬም ግን በየማለዳው ከድልድዩ ሥር ወርደው የውሃውን ከፍታ ያያሉ። ደመወዙ ቆሟል፣ እሳቸው አልቆሙም።

አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ ጋ፣ ግማሽ ፊቴ ሳሙና እንደተቀባ፣ አስተካካዩን «ወንዙ ዘንድሮ ያስፈራል» የሚል ቃል አመለጠው። ጋሼ ሜትር ከጥግ ብድግ አሉ። «የቱ ወንዝ? የአምናው ነው የዘንድሮው?» አሉና የሳሙናውን ብሩሽ ከእጁ ነጥቀው መስታወቱ ላይ ተራራውን፣ ገደሉን፣ ሜዳውን ሳሉ። እኔ በግማሽ ጺም ክፍል ገባሁ።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ማለትም የእሳቸው ዋነኛ ሰለባ። ወንዙን በሰማያዊ ጠመኔ አንድ መስመር አድርጌ ስስል በመስኮት አይተውኝ፣ ሳያንኳኩ ገብተው ሰሌዳውን አጠፉት። «መምህር፣ ይሄ ወንዝ ነው የልብስ ማስጫ ገመድ?» ተማሪዎቼ ዓመቱን ሙሉ ሳቁብኝ። የሚያናድደው ጋሼ ልክ መሆናቸው ነው።

ወንዛችን ተራራው ላይ እስካለ ድረስ ጨዋ ነው፤ በአንድ ገደል ተጨናንቆ ይወርዳል። ከተማችን አጠገብ ሜዳ ሲያገኝ ግን ይባልጋል። ያመጣውን ጠጠር ራሱ መንገዱ ላይ ይደፋዋል፣ ከዚያ ራሱ ይዞረዋል። የሁለቱ አገሮች የድሮ ውል ደግሞ «ድንበሩ ውሃው ከሁሉ ጠልቆ የሚሄድበት መስመር ነው» ይላል። ያንን የጻፉት ሰዎች ወንዙን አላማከሩትም።

ዘንድሮ በክረምቱ አጋማሽ ጎርፍ መጣ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ጥልቁ ውሃ የሚሄደው ወንዙ ዳር ካለው የአክስቴ ማሳ ወዲያ ነበር። በአንድ ሌሊት ከማሳዋ ወዲህ፣ በእኛ በኩል፣ ሌላ ቅርንጫፍ ተከፈተ። አክስቴ፣ የድንች ማሳዋና ሁለቱ ላሞቿ መሀል ቀሩ። በሦስተኛው ቀን የማዶዎቹ ወታደሮች «ድንበሩ ዞሯል» ብለው የድሮውን ቅርንጫፍ ተሻግረው አጥሯ ሥር ቆሙ። የእኛዎቹ ወዲህ ዳር ላይ ተደረደሩ። ሱቆች ተዘጉ።

«አክስቴ፣ በፈጠረሽ ውጪ!» ብዬ ጮህኩ።

«ወንዙ ነው የዞረው! እኔ የት ሄድኩ?» አለች፣ ከበሯ ሳትነቃነቅ።

የእኛ መቶ አለቃ ገና ልጅ ነው። «እስከ ስድስት ሰዓት ካልለቀቁ እሻገራለሁ» ብሎ በድምፅ ማጉያ ተናግሮ ነበርና አሁን ሰዓቱን ባየ ቁጥር ላቡን ይጠርጋል። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲል ጋሼ ሜትር ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ የመለኪያ ዘንጋቸውን ተሸክመው ደረሱ።

«መቶ አለቃ፣ ሳይለካ አይተኮስም።»

«ጋሼ፣ ይመለሱ! ይመቱዎታል!»

አልሰሙትም። ወገባቸው ላይ ገመድ አሥረው ጫፉን ለእኔ ወረወሩልኝ። «ያዝ መምህር። ዕድሜ ልክህን በጠመኔ ነው የለካኸው።» ውሃው ውስጥ ሲገቡ ማዶ ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ። ከኋላዬም ተቀባበለ። ገመዱን ግን አልለቀቅኩም። እሳቸው ዘንጉን ከፍ አድርገው፣ «ከእናንተም የሚለካ ሰው ላኩ! በኋላ አጭበረበረ እንዳትሉኝ!» ብለው ጮኹ።

 ከዚያ በአክስቴ ማሳ በኩል አንድ ባለመነጽር ሽማግሌ የራሳቸውን ዘንግ ይዘው መጡ። ለካስ ማዶም አንድ አላቸው! «የወዲያኛው ቅርንጫፍ ከወገብ አይዘልም፣ ለክቼው ነው የመጣሁት» አሉና በበኩላቸው ገቡ። የት ላይ ይለካ በሚል ሁለቱ ውሃ ውስጥ ቆመው ተጨቃጨቁ። ስድስት ሰዓት አለፈ። ሰባትም አለፈ። መቶ አለቃው ሰዓቱን ማየት ተወ።

በመጨረሻ መሀል ላይ ዘንጉን ተከሉ። ከዳር ሆኜ አየሁት፤ ውሃው ትከሻቸው ላይ ደረሰ። የወዲያኛው ወገብ፣ የወዲህኛው ትከሻ። ለዚህ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ በውሉ መሠረት የአክስቴ ቤት የማዶ ሆኗል።  ሁለቱ ሽማግሌዎች ዘንጉን አዩ። ከዚያ ጠመንጃዎቹን አዩ። ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ።

«ውሃው አልረጋም!» አሉ ጋሼ ሜትር፣ በሁለቱም በኩል እንዲሰማ። «ይሄ ልኬት አይያዝም! ክረምቱ ሲወጣ ሁለታችን ባለንበት እንደገና ይለካል!»

የማዶው ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው በእርጥብ እጅጌያቸው ጠረጉ። ዘለግ ያለ ጊዜ ጠረጉት። «አይያዝም» አሉ።

የእኛውም የማዶውም መቶ አለቃ ለካ ወደ ኋላ የሚመለሱበትን ምክንያት ሲፈልጉ ነው የቆዩት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ማሳው ላይ ከአክስቴና ከላሞቿ በቀር ማንም አልነበረም።

ክረምቱ ሲወጣ አዲሱ ቅርንጫፍ በጠጠር ተሞልቶ ከጉልበት በታች ሆኖ ተገኘ፤ ጥልቁ ውሃ ወደ ቀድሞው ቦታው ተመለሰ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ለኩ፣ ፈረሙ፣ ድንበሩም ባለበት ጸና። ጋሼ ሜትር ግን ያን ቀን የገባባቸው ብርድ ደረታቸውን አልለቀቀም።

አንድ ከሰዓት ልጠይቃቸው ሄጄ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። ዝም ብል ይሻል ነበር፤ አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ያን ቀን የአዲሱ ቅርንጫፍ ጥልቀት ስንት ነበር?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አላውቅም» አሉ።

በዚህ ከተማ ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ የሰማ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። ብርድ ልብሱን እስከ አንገታቸው ሳብኩላቸው። ከዚያ ጠጠሩ ከተራራው እንዴት እንደሚመጣ፣ ከመጀመሪያው ጀምረው፣ ምንም ሳይዘሉ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው።