አለቃዬ ሲያዝኑልኝ

ከሚጠላችሁ አለቃ ይልቅ የሚያዝንላችሁን ፍሩ። የሚጠላችሁ ቢያንስ ሥራ ያበዛባችኋል።

የእኔ አለቃ አቶ ሙሄ አዛኝ ናቸው። በልጅነቴ ፖሊዮ ግራ እግሬን ስላሰለለብኝ በክራንች ነው የምሄደው። በየማለዳው ከውጫሌ ሚኒባስ ተጋፍቼ ሐይቅ ከተማ እወርድና ግብርና ቢሮ እገባለሁ፤ ብዙ ጊዜም ከእሳቸው በፊት። ታዲያ ገና ሲያዩኝ፣ «አብሽር ይማም፣ አረፍ በል» ይሉኛል። ከምን እንደማርፍ ግን ነግረውኝ አያውቁም። የሰብል ባለሙያ ተብዬ ተቀጥሬ፣ ባልደረቦቼ ገበሬ ለማማከር ሲወጡ እኔ የቢሮ ቁልፍ እጠብቃለሁ። ሲመለሱ፣ «ቁልፉ ደህና ዋለ?» ይሉኛል። ደህና ነው የሚውለው... እሱም እንደኔ የትም አይሄድም።

አንድ ጊዜ የቡድን መሪነት ቦታ ክፍት ሆነና ተወዳድረን አንደኛ ወጣሁ። ሕጉ፣ የአካል ጉዳተኛው ውጤት ከሌላው እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ቅድሚያ ይሰጠው ይላል። አንደኛ ለወጣው ምን እንደሚደረግ ግን አልጻፈም፤ ይኼም ያጨቃጭቃል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም መሰለኝ። ቦታው ሁለተኛ ለወጣው ለከማል ተሰጠ።

አቶ ሙሄ ዘንድ ገባሁ።

«ምን አጥፍቼ ነው?»

«ወላሂ ምንም። ሥራው መስክ መውጣት አለበት። በዚያ በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ጭቃ አንተን ማንገላታት ግፍ ነው።»

«የበፊቱ ቡድን መሪም እኮ መስክ ወጥተው አያውቁም።»

«እሳቸው መውጣት ይችላሉ፤ አይወጡም እንጂ።»

ልዩነቱ ገባኝ። እሳቸው እየቻሉ የሚቀመጡ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ «ሳልችል» የምቀመጥ ነኝ።

እየሳቅሁ ወጣሁ ብላችሁ ደስ ባለኝ። ግን ፊቴን ወደ ሚኒባሱ መስኮት አዙሬ ነው ውጫሌ የደረስኩት። ባለቤቴ ከድጃ ሁሉንም ሰምታ፣ «ዝም ካልክማ ቁልፉን ለልጅህ ታወርሰዋለህ» አለችኝ።

በማግስቱ ለቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ አመለከትኩ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ዘምዘም አለቃዬን አስጠሯቸው።

«አቶ ሙሄ፣ ይማም መስክ መሥራት እንደማይችል በምን አወቁ?»

«ይታያል እኮ።»

«ሲሠራ አይተውታል?»

«እንዴት አያለሁ? አዝኜለት አንድ ቀን ሥራ ሰጥቼው አላውቅም።»

ወይዘሮ ዘምዘም ቀስ ብለው ወደ ጸሐፊው ዞሩና፣ «ያሏትን ቃል እንዳለች ጻፍልኝ» አሉት። አቶ ሙሄ የተመሰገኑ መስሏቸው ቀና ብለው ተቀመጡ።

ኮሚቴው ነገሩ አድልዎ ነው ብሎ ቦታውን ለእኔ ወሰነ፤ መስክ ስወጣም መሥሪያ ቤቱ በቅሎ እንዲያቀርብልኝ አዘዘ። ከእኔ ይልቅ የተደሰተው ከማል ነበር። ጭቃ አይወድም።

የመጀመሪያው የመስክ ቀኔ ዕለት አርዲቦ ዳር ዝናብ ያዘን። በቅሎዋ ጣለችኝ፤ የጣለችኝም እንደማንኛውም ሰው ነው፣ እግሬን አይታ አልራራችም። ገበሬዎቹ አንስተው አራገፉኝና የባቄላቸው ቅጠል ለምን እንደሚጠቁር ሲጠይቁኝ ዋሉ። እንዲህ ደስ ብሎኝ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ወደ ማምሻው ጭቃ በጭቃ ሆኜ ቢሮ ስገባ አቶ ሙሄ ሰዓታቸውን አዩ።

«ዘገየህ። ሪፖርቱስ?»

«ነገ ጠዋት አደርሳለሁ።»

«ነገ አይሆንም። ለዛሬ ነው የምፈልገው» ብለው ተቆጥተው ወጡ።

ከተቀጠርኩ ጀምሮ አለቃዬ ተቆጥተውኝ አያውቁም ነበር። በሩ እስኪዘጋ ጠብቄ ወደ ባልደረቦቼ ወንበሬን ሳብኩና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔም እንደ ሰው አለቃዬን ማማት ጀመርኩ።